ዶክትሬት የሚጀመረው ከጥያቄ ነው
(በዲላ በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ከመካከላችን «ዶክተር» መባልን የማይመኝ ጥቂት ነው። መመኘቱ ነውር አይደለም፤ መንገዱን ሳያውቁ ስሙን ብቻ መመኘት ግን ከንቱ ድካም ነው። ስለዚህ ዛሬ መንገዱን ከመግቢያው እስከ መጨረሻው እንመልከተው።

በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ለዶክትሬት የሚያመለክት ሰው ሁለተኛ ዲግሪ ሊኖረው ይገባል፤ የመግቢያ ፈተና ይፈተናል፤ ሊመረምር ያሰበውንም በጽሑፍ ያቀርባል። ከገባ በኋላ በብዙ የትምህርት ክፍሎች ኮርስ ይወስዳል፤ ቀጥሎም የጥናቱን ንድፍ በመምህራን ፊት ቆሞ ያስረዳል። ንድፉ ሲጸድቅለት ወደ መስክ ይወጣል፤ ተመልሶ ይጽፋል፤ አማካሪው አርሞ ይመልስለታል፤ እንደገና ይጽፋል። በመጨረሻ ከዩኒቨርሲቲው ውስጥና ከውጭ የተመረጡ ፈታኞች ጽሑፉን አንብበው በጉባኤ ፊት ይጠይቁታል። ጊዜው አብዛኛውን ጊዜ አራት ዓመት ይባላል፤ ገንዘብ ሲያጥርና የማስተማር ሥራ ሲደራረብ ግን ይረዝማል።

ይህ ሁሉ ሥርዓት የቆመው ስለ አንድ ነገር ነው፤ ተማሪው ማንም ያልመለሰውን ጥያቄ ይዞ ገብቶ፥ በማስረጃ የተደገፈ መልስ ይዞ እንዲወጣ። ፈተናውን አልፎ ጥያቄ የሌለው ሰው ገና ከደጅ ነው።

ምሳሌ ከሩቅ አንፈልግ። የጌዴኦ ገበሬ እንሰትን፥ ቡናንና አገር በቀል ዛፎችን በአንድ ማሳ አስማምቶ ያበቅላል። ገደላማው መሬት ሳይራቆት ይህን ያህል ብዙ ሕዝብ እንዴት ይመግባል? ታደሰ ኪጴ ይህን የመሬት አያያዝ መርምረው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2002 በኔዘርላንድ አገር በቫኽኒንገን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጽሑፋቸውን አቀረቡ። ርእሱ «አምስት ሺህ ዓመት የጸና አያያዝ?» የሚል ነው፤ ከርእሱ መጨረሻ የጥያቄ ምልክት መኖሩን ልብ በሉ። ከዚያ በፊት በ1978 ቻርልስ ማክሌላን በአሜሪካ በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የዚህኑ አገር የ1895–1935 ታሪክ ለዶክትሬት አጥንተዋል።

ሁለቱም ጥያቄዎች ከደጃችን የተነሡ ናቸው፤ መልሶቹ ግን በእንግሊዝኛ ተጽፈው በሩቅ አገር ቤተ መጻሕፍት ተቀመጡ። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚባለው እንዲህ ያለው ነገር ነው። ጥፋቱ የጻፉት ሰዎች አይደለም፤ እነርሱ ድርሻቸውን ተወጥተዋል። የእኛ ድርሻ ግን ገና አልተነካም።

የሚጠየቅ ነገር አላለቀብንም። በሳካሮ ሶዶ የሚገኙት ትክል ድንጋዮች በመጀመሪያው መቶ ዓመት ገደማ እንደ ቆሙ በ2021 የወጣ ጥናት ገልጿል፤ ቀድሞ ከተገመተው አንድ ሺህ ዓመት ያህል ይበልጣል ማለት ነው። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድርም በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። እንግዲህ ድንጋዮቹን ያቆሟቸው ሰዎች እንዴት ይኖሩ ነበር? ወጣቱ መሬት ሲያጥረው የአባቶቹ ማሳ ምን ይሆናል? ይህን ከእኛ በቀር ማን ቀድሞ ሊጠይቅ ይገባዋል?

ስለዚህ ሁለት ነገር እንለምናለን። መምህሮቻችን ሆይ፥ ገና በመጀመሪያ ዲግሪ ሳለን መልስ ብቻ ሳይሆን መጠየቅን አስተምሩን። እኛም ነገ በዚህ አገር ላይ የምንጽፈውን ጽሑፍ ፍሬ ሐሳብ በጌዴኦኛና በአማርኛ አዘጋጅተን፥ በሶንጎው ሽማግሌዎች ፊት እናንብብ። ያስተማሩን እነርሱ ናቸውና ከፈታኞቻችን መካከል ሊቈጠሩ ይገባል።