የልጅነት ደስታችን ከእኛ ጋር ነው

(በማሻ በተካሄደው የማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በሂሳብ ክፍል በኩል የቀረበ ንግግር)



ከሂሳብ ክፍል ሰው ሲነሣ የቁጠባና የብድር ሪፖርት እንደምትጠብቁ እናውቃለን። ሪፖርቱ በጽሑፍ ታድሏል፤ ጥያቄ ያላት ከቡና በኋላ ትጠይቀን። አሁን የምናነሣው ግን በመዝገባችን ላይ ቦታ ያልተያዘለትን ጉዳይ ነው። እርሱም የልጅነታችን ደስታ ነው።

ከአባሎቻችን ብዙዎቹ ከ20 እስከ 40 ዓመት ባለው ዕድሜ ላይ ነን። በዚህ ዕድሜ ቀኑ አይበቃም። ጠዋት ልጅ አብልቶ ትምህርት ቤት መላክ፣ ከዚያ ገበያ ወይም ቢሮ፣ ከሰዓት በኋላ የእንሰቱ ሥራ፣ ማታ ደግሞ ምጣዱና ድስቱ ይጠብቀናል። ከልብሽ የሳቅሽው መቼ ነው ብንባል ብዙዎቻችን ቆም ብለን ማሰብ አለብን። በልጅነታችን ግን ለመሳቅ ምክንያት አንፈልግም ነበር።

እስቲ የማሻን ልጅነት አብረን እናስታውስ። ዝናባችን እንደምታውቁት ክረምት ብቻ ብሎ አያቆምም። ጃንጥላ ያለው ቤት ጥቂት ስለነበር የእንሰት ቅጠል ቆርጠን ራሳችን ላይ ደፍተን፣ ደብተራችንን በላስቲክ ጠቅልለን ትምህርት ቤት እንሄድ ነበር። ከጓሮ በእንሰቱ መሐል ድብብቆሽ ስንጫወት እናቶቻችን «ቅጠሉን እንዳትሰብሩት!» እያሉ ይጮኹብን ነበር። ዶቅማ ሲበስል ምላሳችን ወይን ጠጅ እስኪመስል እንበላ ነበር። ትልልቆቹ ከጫካ ማር ቆርጠው በማታ ሲመለሱ ከነሰፈፉ እስኪሰጡን ድረስ እንቅልፍ የሚባል ነገር አልነበረም። የጨርቅ ኳሱ፣ የእቃ እቃው ጨዋታ፣ መሬት ላይ የሚቆፈረው ገበጣ፣ ሰኞ ማክሰኞው፣ እነዚህ ሁሉ አንድ ብር አይጠይቁም ነበር።

ማታ እሳት ዳር ደግሞ እንቆቅልሽ ነበረ። መልሱ የጠፋት አገር መስጠት አለባት። እኛም ያላየናቸውን ከተሞች፣ ጎሬንም፣ ቴፒንም፣ አዲስ አበባንም ሳንሰስት እንሰጥ ነበር። ያኔ እንዲህ ለጋሾች ነበርን።

እዚህ ላይ እውነቱን መናገር አለብን። ለሴት ልጅ «ሂጂ ተጫወቺ» የሚላት ብዙ አልነበረም። የተጫወትነው በሥራ መሐል ነው። ምንጭ ወርደን የጀሪካን ተራ እስኪደርሰን ቅልብልቦሽ እንጫወት ነበር፤ እንጨት ለቀማ ስንሄድ ደግሞ አባሮሽ። ከመካከላችን ልጅነቷ በሐዘን፣ በረሃብ ወይም ያለ ዕድሜዋ በመጣ ትዳር የተቆረጠባት አለች። ለእርሷ «ልጅነት ደስ ይላል» ብሎ መስበክ ቁስል መንካት ነው። ስለዚህ ሁላችንም የግድ እናስታውስ አንልም። ማለት የፈለግነው በዚያ ሁሉ ሥራ መሐል የተገኘችው ትንሽ ደስታ የራሳችን እንደነበረች ነው። የሰጠን ሰው አልነበረም፤ ራሳችን ነበርን የፈጠርናት። የራሳችን ከሆነች ደግሞ ዛሬም ልንፈጥራት እንችላለን።

ያለፈውን መናፈቅ ድሮ እንደ በሽታ ይታይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1688 ዮሐንስ ሆፈር የተባለ የስዊዘርላንድ የሕክምና ሰው ከአገራቸው የራቁ ሰዎችን ናፍቆት እንደ ሕመም ስም አውጥቶለት ነበር። በእኛ ዘመን ግን በእንግሊዝ አገር የሳውዛምፕተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችን ጨምሮ ጉዳዩን ያጠኑ ሰዎች የተለየ ነገር አግኝተዋል። መልካም ትዝታን የሚያነሣ ሰው ከሌሎች ጋር ይበልጥ የተቀራረበ፣ ሕይወቱም ትርጉም ያለው ሆኖ ይሰማዋል። ይህን እናቶቻችን ቡና ላይ ከጥንት ያውቁታል። ልዩነቱ ብቻውን ተቀምጦ «ያ ጊዜ አለፈ» ብሎ በመቆዘምና ከሰው ጋር ተቀምጦ ያንኑ ነገር እንደገና በመሥራት መካከል ነው።

ይህን የምንለው በራሳችን ማኅበር ስላየነው ነው። ባለፈው ክረምት በአንደኛው ቡድን የወሩ ቁጠባ ተሰብስቦ ካለቀ በኋላ ዝናቡ አላስወጣ አለን። ከእናቶቻችን አንዷ ከደጅ አምስት ጠጠር ለቅመው ገቡና መሬት ላይ ተቀመጡ። ቅልብልቦሽ ተጀመረ። መጀመሪያ ያፈረ ነበር፣ ነጠላውን አፉ ላይ ያደረገ ነበር። ሁለት ዙር ሳይሞላ ሁሉም ተራ ይጠይቅ ጀመር። ስንት ዓመት ያልነካነውን ጨዋታ እጃችን አልረሳውም ነበር። አንዷ «አጭበረበርሽ!» ስትል ሌላዋ እንደ ስምንት ዓመት ልጅ ስትከራከር፣ ዝናቡ ማባራቱን ያየ አልነበረም።

የዚያን ዕለት በጣም የሳቀችው እህታችን በስብሰባ ላይ ድምፅዋ የማይሰማ፣ ሦስት ወር ብድሯን ያልከፈለች ነበረች። ወደ ቤት ስንሄድ ከሁለት አባላት ጋር ወደ ኋላ ቀርታ፣ የታመመ ልጅ ይዛ ስትንከራተት መክረሟን ነገረቻቸው። እስከዚያ ቀን ለማንም አልተናገረችም። ቡድኑ በሚቀጥለው ስብሰባ የመክፈያ ጊዜውን አራዘመላት፤ ዛሬ ብድሯን ጨርሳለች።

እኛ የሂሳብ ሰዎች ነን። ያልተከፈለ ብድር መዝገብ ላይ ይታያል፤ ለምን እንዳልተከፈለ ግን አይታይም። ምክንያቱን የምታወጣው ባለቤቷ ናት፤ የምታወጣውም ለምታምነው ሰው ነው። አብሮ የሳቀ ሰው መተማመን አይቸግረውም። ማኅበራችን ያለ መያዣ የሚያበድረው እርስ በርስ በመተዋወቅ ስለሆነ ያ ጨዋታ ለቁጠባችንም ጠቅሞታል።

ስለ ልጆቻችንም እናስብ። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት በ1989 እ.ኤ.አ. ሲጸድቅ በ31ኛው አንቀጽ ሕፃናት የማረፍና የመጫወት መብት እንዳላቸው ደንግጓል። አገራችን በ1991 እ.ኤ.አ. ተቀብላዋለች። ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮም ጁን 11 ዓለም አቀፍ የጨዋታ ቀን ሆኖ ይከበራል። መብቱ በወረቀት አለ። እኛ የምንጠይቀው ሴት ልጃችን በቤታችን ውስጥ ይህ መብት አላት ወይ ነው። ወንድሟ ኳስ ሲጫወት እርሷ ጀሪካን ተሸክማ የምትመላለስ ከሆነ፣ የእኛን ልጅነት መልሰን እየሰጠናት ነው።

ትዝታችን ቦታም ይፈልጋል። የሸካ ደን እ.ኤ.አ. በ2012 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ሲመዘገብ ስፋቱ ከ238 ሺህ ሄክታር በላይ ነበር። ለእኛ ግን ቀፎ የተሰቀለበት ዛፍ፣ ኮረሪማ የለቀምንበት ጥላ፣ የወረድንበት ምንጭ ነው። ዶቅማው ከተቆረጠ ለልጃችን ዶቅማ እንዴት እንደሚጣፍጥ በቃል ልናስረዳት አንችልም።

ስለዚህ ሦስት ነገር እናቀርባለን። አንደኛ፣ በየወሩ ከቁጠባው ስብሰባ በኋላ ግማሽ ሰዓት ለጨዋታ ይያዝ፤ መጫወት ያልፈለገች ቡናዋን እየጠጣች ትመልከት፣ ማንም አያስገድዳት። ሁለተኛ፣ እናቶቻችን ተረቱንና እንቆቅልሹን በሸኪኖኖም በአማርኛም ይንገሩን፤ የምንጽፈው ወጣቶቹ እንሁን፤ በዚህ ጋዜጣችንም በየእትሙ አንድ አንድ ይውጣ። ሦስተኛ፣ በዚያ ግማሽ ሰዓት ልጆቻችን፣ በተለይ ሴቶቹ፣ አብረውን ይሁኑ። እናታቸው ስትሸነፍ ቢያዩ ክፉ አይደለም።

ደጋፊዎቻችን «ይህ በየትኛው በጀት ይያዛል?» ብላችሁ ትጨነቁ ይሆናል። ወጪው አምስት ጠጠር ነው፤ ጠጠሩም ከደጅ ይለቀማል። ከእናንተ የምንፈልገው በሚቀጥለው ጉብኝታችሁ ሪፖርት ብቻ ተቀብላችሁ እንዳትሄዱ ነው። ከእኛ ጋር መሬት ላይ ተቀመጡ። እንቆቅልሹ ከጠፋችሁ አገር መስጠት ግዴታ መሆኑን ግን ከአሁኑ እናሳስባለን።