ሩቅ መንገድ በብስክሌት

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በ11ኛ ክፍል ተማሪዎች የቀረበ ንግግር)



በዚህ ቀን እንድንናገር በተፈቀደልን ጊዜ ከጓደኞቻችን ብዙዎቹ ስለ ጠፈር ወይም ስለ ኮምፒዩተር እንድንናገር መክረውን ነበር። እኛ ግን በየማለዳው በትምህርት ቤታችን በር ፊት ስለሚያልፈው ነገር፣ ይኸውም ስለ ብስክሌት፣ ይልቁንም ቤታቸው ከሥራቸው እጅግ ርቆ ሳለ በብስክሌት ስለሚመላለሱ ሰዎች ለመናገር መርጠናል። አንዳንዶች ርእሱን ሰምተው ስቀውብናል። ቢሆንም እስከ መጨረሻው እንድትሰሙን በትሕትና እንለምናለን።

ባሕር ዳር የብስክሌት ከተማ መሆኗን ለእናንተ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው። የጣና ዳር ሜዳ ለፔዳል ተብሎ የተደለደለ ይመስላል። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በ1953 ዓ.ም.፣ የፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩቱም በ1955 ዓ.ም. ከተቋቋሙ ወዲህ ሠራተኛውና ተማሪው በዛ፤ አያቶቻችን እንደሚነግሩንም ያን ጊዜ ብስክሌት ያለው ሰው ዛሬ መኪና ያለውን ያህል ይከበር ነበር። አሁን ግን ነገሩ ተገልብጦ፣ በብስክሌት ወደ ሥራ የሚሄድ ሰው ሌላ ነገር ያጣ ነው የሚል አስተሳሰብ በአንዳንዶቻችን ዘንድ ገብቷል። ይህን የምንለው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም፤ ከመካከላችን አንዱ አባቱ በብስክሌት ሲመጡ ጓደኞቹ እንዳያዩበት በሌላ በር ይወጣ እንደ ነበረ ራሱ ነግሮናል። ዛሬ ይህን ንግግር ከጻፍነው አንዱ እርሱ ነው።

በፊዚክስ ትምህርት ያገኘነውን ይዘን አንድ ተራ ባለ 28 ብስክሌት ገልብጠን መረመርን። ፔዳሉ የተያያዘበት ትልቁ ቸርኬ 44 ጥርስ፣ የኋላው ትንሹ ደግሞ 18 ጥርስ አለው። ስለዚህ ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር የኋላው ጎማ ሁለት ተኩል ሊሞላ ጥቂት የቀረው ዙር ይዞራል። የጎማው ዙሪያ 2 ሜትር ከ23 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ አንድ የእግር ዙር 5 ሜትር ተኩል ያህል ያስኬዳል ማለት ነው። ሳይቸኩሉ በደቂቃ 50 ጊዜ ቢያዞሩ በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር ይሆናል። እግረኛ በሰዓት የሚሄደው 5 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ኮርቻው ሰውነትን ስለሚሸከም የእግር ሥራ መግፋት ብቻ ነውና፣ በሜዳ ላይ ለአንድ ኪሎ ሜትር የሚወጣው ጉልበት እግረኛው ከሚያወጣው እጅግ ያነሰ ነው። (የብስክሌቱን ክፍሎች ጎማ፣ ፍሬን፣ ካቴና፣ ራጂ እያልን የምንጠራባቸው ስሞች ከጣሊያንኛ የመጡ መሆናቸውንም በዚያው ቀን ተማርን። የነገረን መምህራችን ሳይሆን ብስክሌት ሠሪው ነው።)

ሒሳቡ እንዲህ ካማረ፣ እውነቱን በመንገድ ላይ ለማየት አንድ ቅዳሜ ከዚያ ጓደኛችን አባት ጋር ተጓዝን። እኒህ ሰው አናጢ ናቸው፤ ቤታቸው መሸንቲ፣ ሥራቸው ባሕር ዳር ውስጥ ሕንፃ በሚሠራበት ሁሉ ነው። ርቀቱ በአንድ ወገን 15 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ በሳምንት ስድስት ቀን ሲመላለሱ 180 ኪሎ ሜትር ይነዳሉ። ስማቸውን እንዳንጠራ አዘውናልና እናከብርላቸዋለን።

ከጧቱ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ተነሣን። እኛ ወጣቶች ነንና እየተሽቀዳደምን ቀደምናቸው። ግማሽ መንገድ ሳንደርስ ግን ጉልበታችን ዛለ፤ እርሳቸው መጋዛቸውንና መዶሻቸውን ከኋላ ጭነው፣ ፍጥነታቸውን ሳይጨምሩም ሳይቀንሱም መጥተው አለፉን። ሲያልፉን፣ «ልጆቼ፣ ከመንገድ ጋር አትጣሉ» ብለው ሳቁ። እኛም ምክንያቱን በኋላ በመጽሐፍ አገኘነው፤ ፍጥነቱን እጥፍ ላደረገ ሰው አየሩ የሚቋቋመው በአራት እጥፍ ነው። እርሳቸው ይህን ያወቁት ያለ መጽሐፍ ነው። አንድ ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ከተማ ገባን፤ ፊታቸውን በውኃ አበስ አደረጉና ሥራቸውን ጀመሩ። እኛ ግን ሄደን ተኛን።

ርቀቱ አድካሚ እንደሆነ ጠይቀናቸው ነበር። ማታ ሲመለሱ መንገዱ ከጣና ዳር እየራቀ ከፍ ስለሚል ጥቂት ያስቸግራል አሉን። ከዚያ በቀር ጧት ብቻቸውን የሚያስቡበት ጊዜ ያ እንደሆነ፣ የሚሠሩትን በርና መስኮት ልኩን በልባቸው የሚጨርሱት በዚያ መንገድ እንደሆነ ነገሩን። እንግዲህ ከእኛ አንዳንዶቻችን የምናዝንላቸው ሰው እንዲህ ያለ ሰው ነው።

አሁን ይህን ርእስ ወደ መረጥንበት ምክንያት እንምጣ። በ2016 ዓ.ም. በሐምሌ ወር እኒህ አባት አመሻሽ ላይ በዝናብ ሲመለሱ፣ ከኋላ የመጣ የጭነት መኪና ተጠግቶ አለፋቸው። የአስፋልቱ ጠርዝ በዚያ ቦታ ተበልቶ ስለ ነበረ የፊት ጎማው ወደ ጉድጓዱ ወረደ፤ ፍሬኑም ቸርኬው ሲረጥብ እንደ ልማዱ አልይዝ አለ። ወድቀው ክንዳቸው ተሰበረ። መኪናው አልቆመም፤ ምናልባትም ሹፌሩ ጭራሹን አላያቸውም፤ ምክንያቱም ብስክሌቱ መብራት አልነበረውም።

ሁለት ወር ሥራ ፈቱ። የቀን ሠራተኛ ቤት ሁለት ወር ምን ማለት እንደሆነ ለማስረዳት ቃል አናበዛም። ጓደኛችን መስከረም ላይ ትምህርት ሲጀመር አልመጣም፤ ስንፈልገው ከአንድ ግንባታ ላይ አሸዋ ሲያመላልስ አገኘነው። እናቱ ብስክሌቱ ይሸጥ ብለው ነበር፤ ስለ ባላቸው ነፍስ ፈርተው ነውና ማንም አይፈርድባቸውም። አባትየው ግን፣ «እሱን ሸጬ በምን ልመላለስ? የቀኔን ሒሳብ ለመኪና ከፍዬ ልጄን በምን ላስተምር?» አሉ። ብስክሌት ሠሪውም የተጣመመውን ቸርኬ በዱቤ አቅንቶ፣ የተሰበሩትን ራጂዎች ለወጠላቸው። ክንዳቸው ሲጠና ወደ መንገዳቸው ተመለሱ፤ ልጃቸውም ወደ ክፍላችን ተመለሰ።

በዚህ ነገር ብዙ ተከራከርን። ከመካከላችን አንዱ ጥፋቱ የሹፌሩ ነው አለ፤ ሌላው የመንገዱ ነው አለ። ሁለቱም ሐሰት አልተናገሩም። ነገር ግን በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚነዳ መኪና በአንድ ሴኮንድ ከ16 ሜትር በላይ ይሄዳል፤ በአጭር መብራት የሚነዳ ሹፌርም ጥቁር ልብስ የለበሰውን ሰው የሚያየው 30 ሜትር ያህል ሲቀረው ነው። ይህም ሁለት ሴኮንድ አይሞላም። ከኋላ የሚለጠፍ አንጸባራቂ ግን ከ100 ሜትር በላይ ሆኖ ይታያል። የሁለት ወር ደመወዝና የአንድ ልጅ ትምህርት ሊጠፋ የነበረው ዋጋው ከአንድ ምሳ በማይበልጥ ነገር ነው። እኛን ያናደደን ይህ ነው።

ለብስክሌተኛ ማሰብ የማይቻል ነገር አለመሆኑንም በዓይናችን አይተናል። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ለእግረኛና ለብስክሌት የተለየ መተላለፊያ አለው። የትራንስፖርት ሚኒስቴርም እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2029 የሚቆይ፣ ሞተር አልባ ትራንስፖርትን የሚመለከት የዐሥር ዓመት ስልት አውጥቷል። ነገር ግን ድልድይ ላይ የሚነዱት ጥቂት ደቂቃ ነው፤ የቀረው መንገድ ጠርዝ ለጠርዝ ነው። የመንገዱን ጠርዝ መጠገን ከእኛ ከተማሪዎች አቅም በላይ ስለሆነ፣ ከዚህ አዳራሽ ውስጥ ይህ ነገር በሥልጣኑ የሚመለከተው ወላጅ ካለ ሰምቶናል ብለን እናልፋለን።

ከመካከላችን አንዷም ለሴቶች ልጆች ወላጆች ይህን በሉልኝ ብላለች። እርስዋ ከዘንዘልማ በኩል በብስክሌት ስትመጣ አክስትዋ፣ «ሴት ልጅ ኮርቻ ላይ?» ብለው ተቆጥተው ነበር። በእግርዋ ትመጣ በነበረበት ዓመት ግን የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ያመልጣት ነበር፤ አሁን አያመልጣትም። አክስትዋ ዛሬም አልተስማሙም፤ ሆኖም የጎማ መንፊያ ገዝተውላታል።

ስለ ብስክሌት ታሪክ ብዙ ጽፈን ነበር፤ ጊዜው ስለማይበቃ ትተነዋል። አንዱን ብቻ እንናገር። በነፋስ የሚነፋውን የብስክሌት ጎማ እ.ኤ.አ. በ1888 በቤልፋስት ከተማ ያወጣው ጆን ቦይድ ደንሎፕ የእንስሳት ሐኪም ነበር፤ ያወጣውም ልጁ ባለ ሦስት እግር ብስክሌቱን በድንጋይ መንገድ ላይ ሲነዳ ሲንገጫገጭ አይቶ ነው ይባላል። ኢትዮጵያም በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ ስትካፈል ከላከቻቸው ስፖርተኞች መካከል ብስክሌተኞች ነበሩ።

ከትምህርት ቤታችን የምንለምነው አንድ ነገር ነው፤ የብስክሌት መጠለያ ይሠራልን። አሁን ብስክሌቶቻችን ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ስለሚቆሙ ጎማቸው ይሰነጣጠቃል፤ በክረምትም ካቴናቸው ይዝጋል። እንጨቱና ቆርቆሮው ከተገኘ የሚሠራው ሰው አለን። እኒያ አናጢ አባት በአንድ እሑድ እንጨርሰዋለን፣ ዋጋም አልፈልግም ብለውናል፤ እኛም ጉድጓዱን እንቆፍራለን።

ከዚህ በኋላ ሻይ ሲጠጣ፣ እኛ አምስታችን በአንጸባራቂ ፕላስተርና በመቀስ በበሩ በኩል እንቆማለን። ፕላስተሩን የገዛነው ከየኪሳችን አዋጥተን ስለሆነ ብዙ አይደለም፤ ለመጡት ይበቃል ብለን እናስባለን። በብስክሌት የመጣችሁ ወላጆችና መምህራን እባካችሁ ሳትለጥፉ አትሂዱ። የምንጀምረው ከግንቡ ጋር ተደግፎ ከቆመው፣ መጋዝ ከተጫነበት አረንጓዴ ብስክሌት ነው።