«ለመጨረሻ ጊዜ ደህና የታየችው ስንት ሰዓት ላይ ነው?»

(ስለ ስትሮክና ስለ ርቀት ሕክምና በአዲስ አበባ በአንድ የሰፈር እድር ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ሐኪም በሌለበት ሐኪም ያመጣል ስለሚባለው ቴሌሜዲስን ተናገር ተብዬ ነው የመጣሁት። ሐኪም አይደለሁም፤ ጋዜጣ ላይ እየጻፍኩ የምኖር ሰው ነኝ። ስለዚህ የማወራው ስለ መሣሪያው ሳይሆን መሣሪያው ፊት ስለሚቀርበውና ስለማይቀርበው ሰው ነው። የውጭውን ዓመት በእነሱ፣ የአገራችንን በእኛው አቆጣጠር እናገራለሁና እንዳይምታታባችሁ።

ስትሮክ የሚባለው ወደ አንጎል የሚሄድ የደም ቧንቧ ሲዘጋ ወይም ሲፈነዳ የሚመጣው አደጋ ነው። የተዘጋ ከሆነ የረጋውን ደም የሚያሟሟ መድኃኒት አለ። እ.ኤ.አ. በ1995 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት በ3 ሰዓት ውስጥ ከተሰጠ እንደሚጠቅም አሳየ፤ በ2008 የወጣ የአውሮፓ ጥናት ደግሞ ጊዜውን ወደ 4 ሰዓት ተኩል አራዘመው። ቧንቧው የፈነዳ ከሆነ ግን ያው መድኃኒት ይገድላል። በመሆኑም ሲቲ ስካን ያስፈልጋል፣ ምስሉን አይቶ «ስጡ» ወይም «እንዳትሰጡ» የሚል የነርቭ ሐኪምም ያስፈልጋል። እንዲህ ያለ ሐኪም ደግሞ በእኛ አገር ብቻ ሳይሆን በአሜሪካና በጀርመን ገጠርም አይገኝም።

ቴሌሜዲስን የገባው በዚህ ቀዳዳ ነው። በጀርመን ባቫሪያ እ.ኤ.አ. በ2003 የሙኒክና የሬገንስበርግ ስፔሻሊስቶች 12 የአውራጃ ሆስፒታሎችን በቪዲዮ ማየት ጀመሩ፤ መድኃኒቱን የሚያገኘው ሕመምተኛ ቁጥርም በብዙ እጥፍ አደገ። በ2008 ደግሞ የካሊፎርኒያ ሐኪሞች በስልክ ብቻ በመማከርና በቪዲዮ በማየት መካከል ያለውን ልዩነት ለኩ። በስልክ ከ100 ውሳኔ 82ቱ ትክክል ሲሆን በቪዲዮ 98ቱ ትክክል ሆነ። ከጆሮ ዓይን ይሻላል ማለት ነው።

እስከዚህ ያለው ደስ ይላል። አሁን ወደማያስደስተው ልግባ።

እ.ኤ.አ. በ2009 ብዙ ጥናቶች ተሰባስበው ሲታዩ ሴቶች ይህን መድኃኒት የማግኘት ዕድላቸው ከወንዶች በ30 በመቶ ያንስ ነበር። በ2020 እንደገና ሲታይ ልዩነቱ ወደ 13 በመቶ ወርዷል። ጠበበ እንጂ አልተዘጋም። በ2014 የወጣ ሌላ የአሜሪካ ጥናት ደግሞ ስትሮክ ይዟት ድንገተኛ ክፍል የመጣች ሴት ስትሮክ መሆኑ ሳይታወቅ የመመለስ ዕድሏ ከወንዱ በ33 በመቶ እንደሚበልጥ ተናገረ። «ራስ ምታት ነው»፣ «ማዞር ነው»፣ «ጭንቀት ነው» ተብላ ትሸኛለች።

ለመሆኑ ካሜራው ሴት ይጠላል እንዴ? አይጠላም። ካሜራው የሚያየው ፊቱ ያቀረቡለትን ብቻ ነው። ጥፋቱ የሚፈጸመው ካሜራው ሳይበራ ነው።

የስክሪኑ ሐኪም ከሁሉ በፊት የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፤ «ለመጨረሻ ጊዜ ደህና የታየችው ስንት ሰዓት ላይ ነው?» የሚል። ያ 4 ሰዓት ተኩል የሚቆጠረው ወድቃ ከተገኘችበት ሳይሆን ደህና ሆና ከታየችበት ሰዓት ጀምሮ ነው። ሰዓቱን የሚያውቅ ሰው ከሌለ ብዙውን ጊዜ መድኃኒቱ ይቀራል። (በኤም አር አይ አይቶ ሰዓቱን መገመት ይቻላል፤ እሱ ያለው ስንት ቦታ እንደሆነ እናንተው ታውቃላችሁ።)

እስቲ አባቶች፣ ባለቤታችሁ ዛሬ ጠዋት ስንት ሰዓት ላይ ተነሣች? እጁን የሚያወጣ አለ? (ሳቅ)

ሳቃችሁ መልሱን ነግሮኛል። እናት ቀድማ ተነሥታ ኋላ የምትተኛ ሰው ናት። አባወራው ቢታመም ሚስቱ «ቁርሱን እየበላ ነበር፣ 2 ሰዓት ከሩብ ላይ ኩባያው ከእጁ ወደቀ» ትላለች። እሷ ስትታመም ግን «ጠዋት ደህና ነበረች መሰለኝ» ነው የሚባለው። በዚህ ላይ ሴቶች ረዥም ዕድሜ ስለሚኖሩ ስትሮክ ሲመታቸው ብዙዎቹ ባል የሞተባቸው ብቸኞች ናቸው። ምስክር የላቸውም።

የራሴን አክስት ላንሳ። ከአዲስ አበባ ውጭ ብቻዋን ትኖር ነበር። አንድ ቀን የጎረቤት ልጅ እሳት ልትጭር ስትገባ ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ አገኘቻት፤ አፏ ጠመም ብሎ አንደበቷ ተሳስሯል። «ምች ነው» ተባለ፣ ዳማከሴ ታሸላት። ከሰዓት በኋላ ወደ ሕክምና ወሰዷት። ስሟን ሲጠይቋት መናገር አቅቷት ስታለቅስ «ባሏ ሞቶባት ነው፣ ሐዘን ነው» ተባለችና ክኒን ይዛ ተመለሰች። በማግስቱ ቀኝ እጇ አልታዘዝ አለ። ከከተማ ስፔሻሊስት ጋር በቪዲዮ የሚያገናኝ ስክሪን እዚያው ግቢ ውስጥ ነበረ። ግን ለሐዘን ማን ስክሪን ያበራል? ዛሬ ቡናዋን በግራ እጇ ትቀዳለች።

ስክሪኑ ፊት ብትደርስስ? ሐኪሙ የሚጠቀምበት መለኪያ ከ0 እስከ 42 ነጥብ አለው። «ክንድሽን ዘርግተሽ ያዢ» ብሎ እስከ 10 ይቆጥራል፣ እግር ላይ እስከ 5። ይህ ደግ ነገር ነው፤ ለሴትም ለወንድም ቁጥሩ አንድ ስለሆነ የሐኪሙን ግምት ይገታል። ችግሩ የንግግር ፈተናው ላይ ይመጣል። በተለመደው ካርድ ላይ ጓንት፣ ቁልፍ፣ ወንበር፣ ላባ፣ ቁልቋልና ሁለት ዛፍ መካከል የሚንጠለጠል የገመድ አልጋ ተሥለዋል፤ «ይህ ምንድን ነው?» ትባላለች። ቀጥሎ ዓረፍተ ነገር አንብቢ ትባላለች። በአገራችን ማንበብ የማይችሉ ሴቶች ከወንዶቹ ይበዛሉ። የገመድ አልጋ አይታ የማታውቅ የገጠር ሴት ዝም ብትል ዝምታዋ የበሽታው ነው ወይስ የካርዱ? አስተርጓሚ ካስፈለገ ደግሞ የሚያስተረጉመው ባሏ ወይም ወንድሟ ነው። እሷ ሦስት ደቂቃ ትናገራለች፣ እሱ «ደህና ነኝ ትላለች» ብሎ ይጨርሳል። ይህን በዓይናችን ያላየን አለን?

ደግሞ ስትሮክን የሽማግሌ በሽታ ብቻ አድርገን አንየው። በልጅነት የጉሮሮ ቁስለት ሳይታከም ሲቀር የልብ ቫልቭ የሚያበላሸው ሕመም በእኛ አገር ገና አልጠፋም፤ በሴቶች ላይም ይበዛል። የልቧ ምት ሲዛባ የረጋ ደም ወደ አንጎል ይወጣል። በእርግዝና ጊዜና ከወለደች በኋላ ባሉት ሳምንታት የደም ግፊት ሲጨምርም ያው አደጋ አለ። ገና በሃያዎቹ ያለች አራስ አንደበቷ ቢተሳሰር ግን ስትሮክ ብሎ የሚጠረጥር ማን ነው? አራስ ቤት ውስጥ ለሁሉም ነገር ሌላ ስም አለ።

ስለ መንግሥት አንድ ቃል ሳልናገር ብወርድ ጋዜጠኛ አይደለሁም። የርቀት ሕክምና ለአገራችን አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 ጥቁር አንበሳ በሙከራ ደረጃ ከሕንዱ ሃይደራባድ ከተማ ሆስፒታል ጋር ተገናኝቶ ነበር። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የሚባል ስትራቴጂ ጸደቀ። በዚያው ዓመት ሰኔ ውስጥ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ሲገደል ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ተዘጋ! ትግራይ ከጥቅምት 2013 መጨረሻ ጀምሮ ሁለት ዓመት ያህል ያለ ስልክና ያለ ኢንተርኔት ቆየች። በ2015 ክረምት ተራው የአማራ ክልል ሆነ። ሐኪሙ የሚመጣው በኢንተርኔት ከሆነ ኢንተርኔቱን የዘጋው ሰው የሐኪሙን በር ዘግቷል። ከባለሥልጣኖቹ የምንጠይቀው ስክሪን ብቻ መሆን የለበትም። በስክሪኑ የታዩት ስንት ሴት ስንት ወንድ እንደሆኑ፣ በስንት ደቂቃ እንደታዩ በጾታ ተለይቶ ይመዝገብ፣ ይውጣም። ካልተቆጠረ «ሁሉም እኩል ይታከማል» የሚለው መግለጫ እንደተለመደው ይነበብልናል።

እስከዚያው እድራችን እጁን አጣጥፎ አይቀመጥ። ፊት ሲጣመም፣ ክንድ ሲዝል፣ አንደበት ሲተሳሰር ከምንም በፊት ሰዓት እንይ፤ ወረቀት ከሌለ መዳፍ ላይ ይጻፍ። መዋጥ ሊያቅታት ስለሚችል ውኃም ቡናም አፏ ውስጥ አይግባ። ዳማከሴው ይቆይ፣ 907 ይደወል።

ሌላው ልመናዬ ለጸሐፊያችን ነው። ብቻቸውን የሚኖሩ እናቶች እነማን እንደሆኑ ከእድሩ መዝገብ በላይ የሚያውቅ የለም። ጠዋት በአጥር ላይ «እንዴት አደሩ?» የምንላቸው ሰላምታ ለሐኪሙ ምስክርነት ነው፤ «1 ሰዓት ተኩል ላይ አነጋግሬያቸዋለሁ፣ ደህና ነበሩ» የሚል ሰው ያስገኛል። ማታም እንደዚሁ። እንግዲህ በእያንዳንዷ እናት ስም አጠገብ ጠዋትና ማታ የሚጠይቃት ጎረቤት ስም ይጻፍ። ቅጹን በእጄ አሰምሬ አምጥቻለሁ፤ ጸሐፊው ጋ ነው። ስትወጡ ፈርሙ።