ጉባኤው ወይስ ፈቃዱ፣ የቱ ይቅደም?



ለአውደ ጥናታችን ውይይት መነሻ ይሆነን ዘንድ የሕንዱን የሐስዴኦ አራንድ ደን ላንሳ። በቻቲስጋር ግዛት የሚገኘው ይህ ደን ከሥሩ የድንጋይ ከሰል አለው፤ ከላዩ ዝሆኖችና አዲቫሲ የሚባሉ ነባር ሕዝቦች ይኖሩበታል። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣችው የደን መብት ሕግ በደን ነዋሪዎች ላይ ታሪካዊ በደል መፈጸሙን በመግቢያው አምኖ የጋራ ይዞታ መብት ይሰጣቸዋል። በዚሁ ደን ያለው የጋትባራ መንደርም የመብቱን ማረጋገጫ በ2013 አገኘ። በጥር 2016 ግን ተሰረዘበት። ከተሰጡት ምክንያቶች አንዱ ነዋሪዎቹ መብታቸውን ይዘው የማዕድን ሥራውን አስተጓጎሉ የሚል ነበር፤ ሌላው ደኑ ለማዕድን የተፈቀደው ቀደም ብሎ በ2012 መሆኑ ነው። ባለቤቱ ሊሠራበት ሲነሳ የሚሰረዝ መብት፣ በእኔ እምነት፣ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ብቻ ነው። ችግሩን የወለደው ቅደም ተከተሉ ነው፦ ፈቃዱ ቀደመ፣ ነዋሪዎቹን መጠየቁ ዘገየ።

«አገር መብራት ያስፈልጋታል፤ ጥቂት መንደሮች ሊያግዷት አይገባም» የሚል መከራከሪያ አለ። ቀላል መከራከሪያ አይደለም፤ አብዛኛው የሕንድ ኤሌክትሪክ የሚመነጨው ከከሰል ነው። ሕጉ ግን አትቆፍሩ አላለም፤ አስቀድማችሁ የመንደሩን ጉባኤ ጠይቁ ነው ያለው። ዘግይቶ መጠየቅ ባለሀብቱንም ይጎዳል። በኦዲሻ ግዛት በኒያምጊሪ ተራራ፣ ማዕድኑ ባውክሳይት ቢሆንም፣ ማጣሪያ ፋብሪካው ከግርጌው ከተተከለ በኋላ ነው በ2013 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የመንደር ጉባኤዎች ይወስኑ ያለው። የተጠየቁት 12 ጉባኤዎች በሙሉ እንቢ አሉ። ፋብሪካው ጥሬ ዕቃውን ከሌላ ቦታ መፈለግ ግድ ሆነበት።

«ካሳ ይከፈላል፣ ምትክ ዛፍም ይተከላል» ለሚሉም መልስ አለኝ። ከደኑ የማሁዋ አበባና የቴንዱ ቅጠል ለቅማ ሸጣ የምታድር ሴት ስሟ በእርሻ ይዞታ መዝገብ ላይ ላይኖር ይችላል፤ ካሳው በመዝገቡ ከተሰላ እሷ ምንም አታገኝም። ሌላ ወረዳ የተተከለ ችግኝም ለእሷ ጓዳ የሚያመጣው ነገር የለም።

ጉዳዩ ለእኛ ለኢትዮጵያውያንም ሩቅ አይደለም። የዱር ቡና የሚበቅልበት የያዩ ደን እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ የአካባቢው ከሰል ደግሞ ለማዳበሪያ ፋብሪካ ታስቦ ነበር። በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። እንግዲህ ከደን ሥር ማዕድን ሲገኝ የሚጠየቀው የትኛው ጉባኤ ነው? እንቢታውስ የት ይጸናል? የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ከዚህ ጥያቄ እንዲነሳ እየጠየቅሁ፣ አውደ ጥናቱ መከፈቱን አበስራለሁ።