ጎተራ የማይይዘው ምግብ
ስለ ስከርቪ በሽታና ስለ ቪታሚን ሲ ለገበሬዎችና ለልማት ሠራተኞች የተሰጠ ንግግር



ለዛሬ የመረጥሁት አርእስት ስለ ማዳበሪያም ስለ ምርጥ ዘርም አይደለም። ጎተራው ሞልቶ ሳለ ሰውን ስለሚያደክም፣ ድድን ስለሚያደማና ጥርስን ስለሚያወልቅ በሽታ ነው። ሐኪሞች ስከርቪ ይሉታል። እኔ የእርሻ ባለሙያ ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም፤ ነገር ግን የዚህ በሽታ መከላከያ የሚበቅለው በጓሮ ስለሆነ፣ ነገሩ የእኔም የእናንተም ሥራ ነው።

በሽታው እንዴት ይታወቃል?

ስከርቪ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። የሚመጣው ቪታሚን ሲ የሚባለው ነገር ከምግብ ውስጥ ሲጠፋ ነው። ሰው ይህን ቪታሚን ፈጽሞ ሳያገኝ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ከቆየ ምልክቱ ይጀምራል። በመጀመሪያ ድካም ይመጣል፤ ሥራ ይሰለቻል፤ እግርና መገጣጠሚያ ይቆረጥማል። ቀጥሎ በቅልጥም ላይ በጠጉር ሥር ደም የቋጠሩ ትንንሽ ነጠብጣቦች ይወጣሉ፤ ትንሽ ግጭት ሰውነትን ያበልዛል። ድድ ያብጣል፣ ይጠቁራል፣ ይደማል፤ ጥርስ ይነቃነቃል። ቁስል አልድን ይላል፤ የዳነውም ቁስል ተመልሶ ይከፈታል። ሕፃን ከሆነ እግሩን ሲነኩት ይጮኻል፤ ይሄድ የነበረውም መሄድ ያቆማል። ካልታከመ ይገድላል።

ይህ ሁሉ ስለምን ይሆናል? የጭቃ ቤት ሲሠራ ማገሩ ከግድግዳው እንጨት ጋር የሚያያዘው በልጥ ነው። ልጡ ከበሰበሰ እንጨቱ ደህና ቢሆንም ግድግዳው ይላላል። በሰውነታችንም ሥጋን፣ ቆዳን፣ አጥንትንና የደም ሥርን አያይዞ የሚያቆም እንደ ልጥ ያለ ጭረት አለ። ይህ ጭረት ያለ ቪታሚን ሲ አይጠነክርም። ስለዚህ ቪታሚኑ ሲጠፋ ቀጫጭን የደም ሥሮች ያፈስሳሉ፣ ጥርስም ከቦታው ይላላል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ሊነሣ ይችላል፤ በሬ በጋውን ሁሉ ገለባ በልቶ ድዱ የማይደማው ስለምንድር ነው? በሬ፣ በግና ፍየል ቪታሚን ሲን በጉበታቸው ራሳቸው ስለሚሠሩት ነው። ሰውና ጦጣ ግን ይህ ችሎታ የላቸውም፤ ከምግብ ማግኘት ግዴታቸው ነው። ሰውነታችንም ብዙ አያከማችም። ዛሬ የበላነው ለጥቂት ሳምንታት እንጂ ለዓመት አይሆነንም።

ከመርከበኞች የተገኘ ትምህርት

በሽታውን ዓለም በሚገባ ያወቀው በባሕር ላይ ነው። ዘመኑን የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ከ1500 እስከ 1800 ባለው ጊዜ ውስጥ ረጅም ጉዞ የሚያደርጉ መርከበኞች ደረቅ ብስኩትና በጨው የደረቀ ሥጋ እየበሉ ወራት ያሳልፉ ነበር። ሆዳቸው አልራበም፤ ነገር ግን በስከርቪ ረገፉ። የታሪክ ጸሐፊዎች የሞቱትን ከሁለት ሚሊዮን በላይ አድርገው ይገምታሉ።

በ1747 ጄምስ ሊንድ የተባለ የእንግሊዝ ባሕር ኀይል ሐኪም ሳልስበሪ በተባለችው መርከብ ላይ 12 በሽተኞችን መረጠ። ሁሉም አንድ ዓይነት ምግብ እየበሉ በአንድ ስፍራ እንዲተኙ አደረገና ሁለት ሁለት አድርጎ በ6 ከፈላቸው። ለአንዱ ጥንድ የፖም ጠጅ፣ ለሌላው ኮምጣጤ፣ ለሌላው የባሕር ውኃ፣ ለሌሎቹም ሌላ ሌላ መድኃኒት ሰጠ። ለአንዱ ጥንድ ግን በቀን 2 ብርቱካንና 1 ሎሚ ሰጠ። ፍሬው በ6 ቀን አለቀ፤ በዚያን ጊዜ ግን ከሁለቱ አንዱ ለሥራ ተነሥቶ ነበር። የልማት ሠራተኞች ልብ በሉ፤ ይህ እኛ በሠርቶ ማሳያ መደብ ላይ ከምናደርገው ጋር አንድ ነው። ሌላውን ሁሉ አስተካክሎ አንዱን ነገር ብቻ መለወጥ፣ ከዚያም ውጤቱን በዓይን ማየት ነው። ሆኖም የባሕር ኀይሉ የሎሚ ጭማቂ ለመርከበኞቹ ሁሉ እንዲታደል ያዘዘው በ1795 ነው። እውነቱ ከታየ በኋላ 48 ዓመት አለፈ ማለት ነው።

ሊንድ ራሱም አንድ ነገር ሳተ። ጭማቂው ለረጅም ጉዞ እንዲቆይ በእሳት እየተነነ እንዲወፍር መከረ። እሳቱ ግን ቪታሚኑን አጠፋው። ከ1860ዎቹ ጀምሮ ደግሞ እንግሊዞች የቀድሞውን ሎሚ ትተው ከምዕራብ ኢንዲስ የሚመጣ ሌላ ዓይነት ሎሚ ያዙ። የዚህ ሎሚ ቪታሚን አነስተኛ ነበር፤ ጭማቂውም በመዳብ ቧንቧ እያለፈ ብዙ ጊዜ ሲከማች ኀይሉ ይበልጥ ደከመ። በ1875 ወደ ሰሜን ዋልታ የተላኩት ሰዎች ሎሚ ይዘው ሄደው በስከርቪ ታመሙ። የዚህ ቪታሚን ጠላቶቹ እንግዲህ እሳት፣ ፀሐይ፣ አየር፣ መዳብና ረጅም ጊዜ ናቸው። ቪታሚኑ ራሱ ተለይቶ የታወቀው ከ1928 እስከ 1932 ባሉት ዓመታት ነው፤ ስለዚሁም ሥራ ሴንት ጂዮርጂ የተባለው የሀንጋሪ ሊቅ በ1937 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

በሽታው የመርከበኛ ብቻ አይደለም

በአየርላንድ አገር ትንንሽ ማሳ የነበራቸው ገበሬዎች ዋና ምግባቸው ድንች ነበር። ድንች ተቀቅሎ እንኳ ጥቂት ቪታሚን ሲ ይቀርለታል፤ በብዛት ስለሚበሉትም ይበቃቸው ነበር። በ1845 የድንች ዋግ ማሳውን አጠፋው። ለርዳታ የመጣላቸው የበቆሎ ዱቄት ነበር። ዱቄቱ ከረኃብ ያተረፋቸው ብዙዎች ናቸው፤ ነገር ግን በደረቅ እህል ውስጥ ቪታሚን ሲ ስለሌለ ድዳቸው መድማት ጀመረ።

ወደ እኛም እንምጣ። በ1980ዎቹ በሶማሊያና በሱዳን መጠለያዎች የነበሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች በስከርቪ ተይዘዋል። ይታደላቸው የነበረው ደረቅ እህል፣ ጥራጥሬና ዘይት ነበር፤ ሰው በመጠለያው በቆየ ቁጥር በሽታው ይበረታበት ነበር። እህል እያለ ትኩስ ቅጠልና ፍሬ ሲጠፋ የሚሆነው ይህ ነው።

እንግዲህ የቤታችንን ጎተራ እንመልከት። ጤፍ፣ ገብስ፣ ስንዴ፣ ማሽላ፣ በቆሎ፣ ሽሮና ክክ ኀይልና ሥጋ ይሰጡናል፤ ቪታሚን ሲ ግን የላቸውም። ቋንጣም የለውም ለማለት ይቻላል። የላም ወተት ያለው እጅግ ጥቂት ነው። በርበሬ እንኳ እሸት ሳለ ከሁሉ የሚበልጥ ሲሆን፣ በፀሐይ ደርቆ ሲፈጭ አብዛኛውን ያጣል። ይህ ምግብ በጎተራም በማድጋም አይቀመጥም። በበጋ ጓሮው ሲደርቅና የቤቱ ወጥ ከወር እስከ ወር ሽሮ ብቻ ሲሆን መጠንቀቅ ያሻል።

የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም

አንድ ግራም በ1000 ሲከፈል ሚሊግራም ይባላል። በቀን 10 ሚሊግራም ቪታሚን ሲ ከስከርቪ ያድናል፤ ለሙሉ ጤና ግን ለአዋቂ ሰው 45፣ ለነፍሰ ጡር 55፣ ለምታጠባ እናት 70 ሚሊግራም እንዲሆን የዓለም የጤና ድርጅትና የዓለም የእርሻና የምግብ ድርጅት ይመክራሉ። አንድ መካከለኛ ብርቱካን የአዋቂውን የቀን ድርሻ ይሞላል። አንድ ደህና ጥሬ ቃሪያም እንዲሁ ይሞላል። ዘይቱን 100 ግራም ብንወስድ 200 ሚሊግራም ያህል አለው። ፓፓያ፣ ማንጎ፣ ሎሚ፣ ጎመን፣ ቲማቲምና የሽፈራው ትኩስ ቅጠልም ጥሩ ናቸው። ለሽሮው እንጀራ አጠገብ ቃሪያ የሚያቀርቡ እናቶች ሳይነገራቸው ትልቅ ሥራ ሲሠሩ ኖረዋል። ሌላም ጥቅም አለ። በአንድ ገበታ ላይ ቪታሚን ሲ ሲኖር ሰውነት በጤፍና በምስር ውስጥ ያለውን ብረት በተሻለ ይቀበላል፤ ይህም ለደም ማነስ ይረዳል።

ስለ ወጥ አሠራር

አንደኛ፤ ጎመን የሚቆረጠው ለዕለቱ የሚበቃውን ያህል ነው። ጠውልጎ ያደረ ጎመን ቪታሚኑን አጥቷል።
ሁለተኛ፤ መጀመሪያ ማጠብ፣ ቀጥሎ መክተፍ ነው። ከትፎ ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍ ቪታሚኑን ያወጣዋል።
ሦስተኛ፤ ውኃው ጥቂት ይሁን፤ ሲፈላ ጎመኑን ጨምሮ መክደን፣ እንደበሰለም ማውጣት ነው። መረቁ አይደፋ፤ ከወጡ ጋር ይበላ።
አራተኛ፤ ጎመን ቶሎ እንዲለሰልስ ተብሎ ሶዳ አይጨመርበት። ሶዳ ቪታሚኑን ያጠፋል።
አምስተኛ፤ ሎሚ የሚጨመቀው ወጡ ከእሳት ከወረደ በኋላ ነው።
ስድስተኛ፤ ድንች ከነልጣጩ ይቀቀል።
በጥሬው የሚበላው ቃሪያና ቲማቲም በንጹሕ ውኃ በሚገባ ይታጠብ። ሕፃን እስከ 6 ወር የእናቱ ወተት ይበቃዋል፤ ከዚያ በኋላ ከገንፎው ጋር የላመ ፓፓያ ወይም የተፈጨ ጎመን ይልመድ።

ጓሮ በሌለበት ወይም ውኃ በጠፋበት

በዚህ ጊዜም መድኃኒቱ ከጎተራ ሊወጣ ይችላል፤ ይኸውም በቆልት ነው። ደረቅ ምስር፣ ሽምብራ ወይም ባቄላ ቪታሚን ሲ የለውም፤ ሲበቅል ግን በውስጡ ይፈጠራል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በስከርቪ የታመሙ የሰርቢያ ወታደሮች የበቀለ ባቄላ እየተሰጣቸው ድነዋል። አሠራሩ ቀላል ነው። ጥራጥሬውን ለቅሞና አጥቦ ማታ መዘፍዘፍ፣ ጠዋት ውኃውን አፍስሶ በርጥብ ንጹሕ ጨርቅ መሸፈን፣ በቀን ሁለት ጊዜ በንጹሕ ውኃ ማለቅለቅ ነው። በ2 ወይም በ3 ቀን ሲያጎነቁል፣ ሳይዘገይ እስኪበስል ብቻ ቀቅሎ መብላት ነው። የሻገተ ወይም የሸተተ ይጣል። አጥብቄ የማስጠነቅቀው ግን፣ የዘር መድኃኒት የነካው እህል መርዝ ስለሆነ ለበቆልት ከቶ አይሁን።

ምን እንትከል?

በደጋ ጎመንና ድንች ይሆናሉ። በወይና ደጋ ጎመን፣ ቃሪያ፣ ቲማቲም፣ ሎሚና ዘይቱን ይጨመራሉ። በቆላ ፓፓያ፣ ማንጎና ሽፈራው ይስማማሉ። በትግራይና በመሳሰለው አገር በለስ በክረምት ይደርሳል።

ለ5 ሰው ቤተሰብ 40 እግር ያህል ጎመን ለመጀመሪያ ይበቃል። በነሐሴ በመደብ ላይ ዘርቶ፣ ችግኙ 4 ወይም 5 ቅጠል ሲያወጣ፣ በመስከረም 40 ሳንቲ ሜትር ያህል እያራራቁ መትከል ነው። የታችኛው ቅጠል እየተቆረጠ ጫፉ ሲተው ተክሉ ብዙ ጊዜ ይቆያል። በበጋ ዕቃና እህል የታጠበበት፣ ሳሙናና ቅባት የሌለበት ውኃ አይደፋ፤ ለጎመኑ ሥር ይሁን። ሥሩን በገለባ መሸፈን ርጥበቱን ይጠብቃል። ፓፓያ ከፍሬ የሚበቅለው ወንድም ሴትም ስለሚሆን፣ አንድ ብቻ ከመትከል ሦስት አራት መትከል ይሻላል። ዘይቱንና ሎሚ ዓመታት ስለሚፈጁ የዘንድሮው ክረምት አይለፋችሁ።

ለልማት ሠራተኞች

ቤት ስትጎበኙ ጎተራውን ብቻ አትመልከቱ። “በዚህ ሳምንት ትኩስ ቅጠል ወይም ፍሬ ስንት ቀን በላችሁ?” ብላችሁ ጠይቁ። ስለ ጓሮና ስለ ወጥ የምትናገሩትን ለእናቶች ተናገሩ፤ ለአባወራው ብቻ ተነግሮ የሚቀር ምክር ድስት ድረስ አይደርስም። የሚደማ ድድ ሁሉ ስከርቪ አይደለም፤ አብዛኛው ከጥርስ ንጽሕና ጉድለት የሚመጣ ነው። ስለዚህ የጠረጠራችሁትን ሰው ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አሳዩ፣ ወደ ጤና ጣቢያም ላኩ። ስከርቪ ከሆነ ሕክምናው ፈጣን ነው፤ ድካሙ በጥቂት ቀን ይቀልለታል፣ ድዱም በሳምንታት ውስጥ ያገግማል። ወደ ቤቱ ሲመለስ ግን በጓሮው ጎመን ካላገኘ በሽታው ተመልሶ ይመጣል፤ እዚያ ላይ ሥራው የእናንተ ነው።

የተከበራችሁ ገበሬዎች፤ እህሉን ነቀዝ እንዳይበላው ስንት ትደክማላችሁ! የጎተራውን ያህል ትኩረት ለጓሮው ስጡ። ከዚህ ስብሰባ ስትመለሱ ከቤታችሁ ጀርባ ያለውን ቦታ ዞራችሁ እዩ፤ ውኃ የሚደፋበትን ስፍራ ለዩ፤ የመደቡንም ልክ ዛሬውኑ በገመድ ምቱ። የጎመንና የቃሪያ ዘር የት እንደሚገኝ የቀበሌያችሁን የልማት ሠራተኛ ጠይቁ።