ጣናን የሚሻገር ጀልባ አመራረጥ

(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



የጉና ውሃ በርብና በጉማራ ወርዶ ጣና እንደሚገባ በደብረ ታቦር አካባቢ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ይሁን እንጂ ከደጋው ወርዶ ወደ ደሴቶቹ ወይም ወደ ማዶው ዳርቻ ለሥራ የሚሻገር ባለሙያ ጀልባ ያስፈልገዋል። ጀልባውን በመኪና እየሳቡ በሚፈለግበት ጊዜ ወደ ውሃ ማውረድ፣ ሥራው ሲያልቅም አውጥቶ መመለስ ጠቃሚ ዘዴ ነው። ጥያቄው የትኛው ጀልባ ይመረጥ የሚለው ነው። በዚህ ጥያቄ ላይ የሚፈጸም ስሕተት የገንዘብ ኪሣራ ብቻ ሳይሆን የሰው ሕይወት ሊያስከትል እንደሚችል መዘንጋት አይገባም።

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት የሐይቁ ጠባይ ነው። ጣና ርዝመቱ 84፣ ስፋቱ 66 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ እጅግ ጥልቅ በሆነው ስፍራ እንኳ ጥልቀቱ 15 ሜትር ገደማ ነው። እንዲህ ሰፊ ሆኖ ጥልቀት ያነሰው ሐይቅ ነፋስ ሲነሣበት ሞገዱ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል፤ አንዱ ሳያልፍ ሌላው ይደርሳል። ጧት ረግቶ የታየው ውሃ ከቀትር በኋላ ሊናወጥ ይችላል። በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ጀልባ ሐይቁን በስፋቱ ለማቋረጥ ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ይፈጅበታል። ስለሆነም ጀልባ መመዘን ያለበት በጧቱ መሄጃ ሳይሆን በከሰዓቱ መመለሻ ነው።

ሆዱ ጠፍጣፋ የሆነ ጀልባ ለመሳብ ቀላል ነው፤ ጥልቀት በሌለው ውሃም ያልፋል። በሞገድ ላይ ግን እየዘለለ ይመታል፤ ተሳፋሪውንም ያደክማል። ለሰፊ ውሃ የሚበጀው ከ5.5 እስከ 6.5 ሜትር የሚረዝም፣ ሆዱ እንደ ማረሻ ሾጥጦ ውሃውን የሚሰነጥቅ፣ ጎኑም ከውሃው በላይ ከፍ ያለ ጀልባ ነው። ከዚህም በላይ ውሃ ቢሞላው እንኳ እንዳይሰጥም በወለሉ ሥር ተንሳፋፊ ነገር የታሸገበት መሆን አለበት። ይህ ለጣና ሰው አዲስ ትምህርት አይደለም። የደንገል ታንኳ ውሃ ቢገባባትም የምትንሳፈፈው የተሠራችበት ነገር ራሱ ተንሳፋፊ ስለ ሆነ ነው።

ስለ ሞተሩ ሲነሣ ከፍታ መታሰብ አለበት። ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,786 ሜትር ስለሚገኝ አየሩ ስስ ነው፤ ተራ ሞተር ከጉልበቱ ከስድስት እጅ አንዱን ያህል ያጣል። 90 የፈረስ ጉልበት የተባለው ሞተር 75 ገደማ ብቻ ይሰጣል ማለት ነው። በመሆኑም ሞተሩን ከፍ አድርጎ መምረጥ፣ በአንድ ዙር የሚገፋው ርቀት አጠር ያለ ፕሮፔለርም መግጠም ያስፈልጋል። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ በተለይ በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ የተስፋፋው እምቦጭ በፕሮፔለር ላይ እንደሚጠመጠምና የማቀዝቀዣ ውሃ መሳቢያውን እንደሚዘጋም መታወስ አለበት። ከኋላ የሚንጠለጠልና ወደ ላይ የሚነሣ ሞተር ለማጽዳት ይመቻል። ነዳጁም በሦስት ይከፈል፤ አንዱ ለመሄጃ፣ አንዱ ለመመለሻ፣ ሦስተኛው ለክፉ ቀን።

ቀጥሎ የሚመጣው የመንገዱ ጉዳይ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ፣ መድፉን ከመሳብ ባልተናነሰ መንገዱን ማበጀት አድካሚ እንደ ነበር ታሪክ ይመሰክራል። ዛሬ መንገዱ ቢኖርም ክብደቱ አልቀረም። ስድስት ሜትር ያህል የሚረዝም ጀልባ ከነሞተሩ፣ ከነነዳጁና ከነተሳቢው አንድ ቶን ተኩል ሊደርስ ይችላል። ከደብረ ታቦር እስከ ወረታ መንገዱ ወደ 900 ሜትር ይወርዳልና፣ ተሳቢው የራሱ ፍሬን ሊኖረው፣ ሾፌሩም ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ሊወርድ ይገባል። የተሳቢው ኩሽኔታ በጉዞ እንደ ጋለ ውሃ ውስጥ ቢገባ ውሃ ይስብና ግራሶው ይበላሻል፤ ስለዚህ እስኪበርድ መታገሥ ያሻል።

አሁን ዋናው ችግር ይመጣል። ለደብረ ታቦር የሚቀርበው የፎገራ ዳርቻ ሜዳና ረግረግ ነው፤ ወንዞቹ ያመጡት ደለልም አለበት። ይህ ዳርቻ ቀላልና ጠፍጣፋ ጀልባን ይጋብዛል። የሐይቁ መካከል ደግሞ ከባዱንና ሆደ ሹሉን ይጠይቃል። ውሃውም ከዓመት ዓመት ከፍ ዝቅ ይላል፤ በ1995 ዓ.ም. ሐይቁ እጅግ ከመጉደሉ የተነሣ የመርከብ ጉዞ ለወራት ተቋርጦ ነበር። ብዙ ገዢ ለዳርቻው ሲል ጀልባውን ያሳንሳል። ትክክለኛው ውሳኔ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ጀልባውን ለሐይቁ መካከል መርጦ፣ ማውረጃውን ጠንካራ ዳርቻና ወደብ ወዳለበት ወደ ባሕር ዳር መውሰድ። ከደብረ ታቦር ባሕር ዳር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በየብስ የሚጨመረው ጉዞ የሚያስወጣው ነዳጅና ጊዜ ነው፤ በውሃ ላይ የሚጎድለው ጥንካሬ ግን በነፍስ ይከፈላል።

ስለዚህ ለግዢ የሚሰየም ኮሚቴ ስለ ዋጋና ስለ ፍጥነት ከመጠየቁ በፊት፣ ይህ ጀልባ ሙሉ ጭነቱን ይዞ፣ ነፋስ በተነሣበት ከሰዓት፣ ከሐይቁ መካከል ሰዎቹን በደኅና ይመልሳል ወይ ብሎ ይጠይቅ። ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ ተንሳፋፊ ጃኬት፣ መልሕቅ፣ አቅጣጫ ጠቋሚና መቅዘፊያም በግዢው ዝርዝር ውስጥ ከጀልባው ጋር አብረው ይግቡ። እነዚህ ካልተሟሉ ጀልባው አልተገዛም ማለት ነው።