የዋልታ ድብ እና ፒያሳ፦ ወጣቶቻችንን ምን እያስተማርናቸው ነው?



ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚሁ በአራዳ በሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአካባቢ ጥበቃ ክበብ አባላትን እንዳነጋግር ተጋብዤ ነበር። በበረዶ ላይ የቆመ የዋልታ ድብ ፎቶግራፍ አሳየኋቸው፤ በረዶው ስለምን እንደሚቀልጥም አስረዳኋቸው። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ እጇን አውጥታ፣ «መምህር፣ እኛ ፒያሳ ሆነን ለዚህ ድብ ምን ልናደርግለት እንችላለን?» ስትል ጠየቀችኝ። «ወንዝ ውስጥ ቆሻሻ አትጣሉ፤ ዛፍ ትከሉ» ብዬ መለስኩላት። ዛሬ በፊታችሁ የቆምኩት ያ መልስ ለምን እንዳላረካኝ ለመናገር ነው።

አስቀድሞ ስለ ድቡ ጥቂት ልበል። የዋልታ ድብ አቆስጣ የተባለውን የባሕር እንስሳ የሚያድነው በባሕር ላይ በተጋገረ በረዶ ቆሞ ነው። በረዶው ቀድሞ ሲቀልጥና ዘግይቶ ሲጋገር የጾሙ ወራት ይረዝማል። በካናዳ የሀድሰን ባሕረ ሰላጤ ምዕራባዊ ዳርቻ እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ 842 ይገመት የነበረው የድቦቹ ቁጥር በ2021 ወደ 618 ወርዷል። በዚያው ዳርቻ ወደምትገኘው የቸርችል ከተማ በአሥራዎቹ ዕድሜ ያሉ ወጣቶች ተጉዘዋል፤ ድቦቹን በዐይናቸው አይተው ተመልሰው በየከተማቸው የኃይል ብክነትን የሚቀንሱ ሥራዎችን መርተዋል። ወጣቶቹ በረዶውን ሊጠግኑት አይችሉም። የሠሩት በረዶውን በሚያቀልጠው ምክንያት ላይ ነው።

እንግዲህ የእኔን መልስ በዚህ ሚዛን እንመዝነው። ከራስ መኮንን ድልድይ ሥር የሚወርደው ውሃ ወደ አቃቂ፣ ከዚያም በአባ ሳሙኤል ግድብ በኩል ወደ አዋሽ ይገባል። አዋሽ ደግሞ ባሕር አይደርስም፤ በአፋር ምድር፣ በአቤ ሐይቅ ያበቃል። ስለዚህ ከፒያሳ ወንዝ የተጣለ ፌስታል ወደ ድቡ ሀገር የሚሄድበት መንገድ የለውም። የሚቀረው ከእኛው ጋር ነው፤ በአቃቂ ዳርቻ አትክልት በሚያለማው ገበሬ ማሳና በአዋሽ ውሃ በሚጠጡት ከብቶች ዘንድ። ወንዙን መጠበቅ ታላቅ ሥራ ነው፤ ነገር ግን የምንጠብቀው ለራሳችን ብለን ነው። ይህን ለልጆች በግልጽ መንገር ይገባ ነበር።

ከድቡ ጋር በእውነት የሚያገናኘን አየሩ ነው። ብዙዎቻችሁ የፒያሳውን አትክልት ተራ ታስታውሳላችሁ። በ2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ሳቢያ ወደ ጃን ሜዳ እስኪዛወር ድረስ የበሰበሰ ጎመንና ቲማቲም በየዕለቱ ይከመርበት ነበር። እንዲህ ያለው ቅሪት አየር በማያገኝበት ክምር ውስጥ ሲታመቅ ሜቴን የተባለ ጋዝ ይወጣዋል። ሜቴን በ20 ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ 80 እጥፍ የሚጠጋ የማሞቅ ኃይል አለው። ከአዲስ አበባ የወጣው ሜቴን ደግሞ ድንበር አያግደውም፤ ዓለምን ይዞራል። ያው ቅሪት አየር እያገኘ ወደ ብስባሽ ማዳበሪያ ቢለወጥ ግን የሚወጣው ሜቴን እጅግ ይቀንሳል። የቆሻሻ ክምር ለእኛ ምን ማለት እንደሆነ ደግሞ አንረሳውም፤ በመጋቢት 2009 ዓ.ም. በቆሼ የተናደው ክምር ከመቶ በላይ ወገኖቻችንን ቀብሯል።

እዚህ ላይ ፍትሕን የሚመለከት ጥያቄ ይነሣል። ኢትዮጵያ በዓለም የሙቀት አማቂ ጋዞች ልቀት ያላት ድርሻ ከአንድ በመቶ በታች ነው። የፒያሳ ልጅ የድቡ ዕዳ አለባት ማለት ሐሰት ነው፤ ዕዳው በዋናነት በበለጸጉት አገሮች ላይ ነው። ታዲያ ስለ ድቡ ለምን እናስተምራታለን? ምክንያቱም የድቡ ታሪክ በእኛም ተራሮች ላይ እየተፈጸመ ነው።

ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር አይገኝም። ለአካለ መጠን የደረሱት ከ500 አይበልጡም፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በባሌ ተራሮች ይኖራሉ። የሚኖሩት በአብዛኛው ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነ ቀዝቃዛ ምድር ነው። እርሻውም ሙቀቱም ከታች ወደ ላይ ሲወጡ ቀበሮው ይሸሻል፤ ከተራራው ጫፍ በላይ ግን መሸሻ የለም። ከሰው ጋር ወደ ደጋው የሚወጡት ውሾች የሚያመጡት የእብድ ውሻ በሽታም ደጋግሞ ፈጅቶታል። ስለዚህ በባሌ አንድ ወጣት የቤቱን ውሻ ሲያስከትብ ከማንኛውም መፈክር የሚበልጥ ሥራ ሠራ ማለት ነው።

አሁን ስለ ዛፉ የራሴን ጥፋት ልናገር። በዚያ ዓመት ክረምት ከክበቡ ልጆች ጋር ችግኝ ተክለን ነበር። የተተከለውን ቆጥሬ ሪፖርት ጻፍኩ፤ ፎቶግራፍም ተነሣን። በመጋቢት ወር ስመለስ አብዛኛው ደርቆ አገኘሁት። ውሃ የሚያጠጣ ተረኛ አልተመደበም፤ ልጆቹም አልተጠየቁም። ጥፋቱ የልጆቹ አልነበረም። እኔ ያስተማርኳቸው መትከልን ነው፤ መንከባከብን አላስተማርኳቸውም።

በአገራችን የተማሪ ክበብ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር በየትምህርት ቤቱ ክበባትን ሲደግፍ ኖሯል። የጎደለው ሥራውን ለልጆቹ በእውነት መልቀቅ ነው። ከዩኒቨርሲቲ የምንጠበቀው ሦስት ነገር ይመስለኛል። አንደኛ፣ ተማሪዎቹ የትምህርት ቤታቸውን ቅሪት ራሳቸው ይመዝኑ፤ ምን ያህሉ ወደ ብስባሽ እንደተለወጠ ራሳቸው ይመዝግቡ፤ እኛ ሚዛኑንና ስሌቱን እናስተምራቸው። ሁለተኛ፣ የተተከለውን ሳይሆን ከሁለት በጋ በኋላ የጸደቀውን ችግኝ እንቁጠር። ሦስተኛ፣ መዝገቡ በአንድ መምህር መሳቢያ አይቅር። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ሰፈሮች ሲፈርሱ ብዙ ቤተሰቦች ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተበትነዋል፤ ልጆቹ ሲሄዱ የሚያውቁትም አብሯቸው ይሄዳል። መዝገቡ በእጃቸው ካለ ግን በሄዱበት ሰፈር ሥራውን ይቀጥሉታል።

ያቺ ተማሪ ዛሬ ከፊታችሁ ተቀምጣ ብትሆን እንዲህ እላታለሁ፦ ልጄ፣ ድቡን ከፒያሳ ሆነሽ አታድኚውም፤ እንዲህ ያለ ሸክም ማንም ሊጭንብሽ አይገባም። ነገር ግን የምትቀንሺው ሜቴን እውነተኛ ነው፤ ይለካልም። ወንዝሽ ያንቺ ነው፤ ቀበሮውም ያንቺ ነው። እኛ ደግሞ የምናውቀውን ሳናሳምርና ሳናጋንን ልንነግርሽ ይገባናል።